በሽንሽን እጥፋት ያጌጠ የመልካም ምኞት ካርድ እንዴት እንደሚሠራ

ጳጉሜን ሲገባ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ልጆች በነጭ ወረቀት ላይ አበባና መልአክ መሣል ይጀምራሉ፤ እንቁጣጣሽ ሲነጋ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፣ ሴቶቹም አበባየሆሽ እያሉ ለምለም ሣርና አደይ አበባ ያቀርባሉ። እዚህ የምንሠራው ካርድ ግን መሣል ለማይችል ሰውም የሚሆን ነው፤ ጌጡ የሚወጣው ከቀለም ሳይሆን ከወረቀቱ እጥፋት ነውና። ሽንሽን ቀሚስ የሰፋ፣ ወይም አጠገብ ተቀምጦ ሲሰፋ ያየ ሰው የሥራውን ግማሽ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ከመሸንሸኑ በፊት ሽንሽኑ የሚበላውን ያህል ጨርቅ እንደሚጨምር ሁሉ፣ እኛም ወረቀቱን ስንቆርጥ እጥፋቱ የሚውጠውን አስበን መቁረጥ አለብንና።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ከተራው የኮፒ ወረቀት ጠንከር ያለ ባለ 120 ወይም 160 ግራም ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ አንድ ቢጫ የኮፒ ወረቀት፣ ሌላ ባለ ቀለም ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ መቀስ፣ ነጭ ኮላ፣ ቀለሙ ያለቀ ስክሪብቶና አንድ ማንኪያ። ቀለሙ ያለቀው ስክሪብቶ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ በማስመሪያ ጠርዝ ተደግፎ ወረቀቱን ሲጫነው ምልክት ሳይተው ጎድጎድ ያለ መስመር ያወጣል፣ ወረቀቱም በዚያ መስመር ላይ ሳይጨማደድና ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። የማንኪያው ጀርባ የታጠፈውን ጠርዝ አጥብቆ ለመተኮስ ያገለግላል።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በፋብሪካ የሚሠራ ወረቀት ክሮቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው፤ ወረቀቱን ሳያጥፉ በቁመቱም በወርዱም ለዘብ አድርገው ቢያጎብጡት በአንደኛው አቅጣጫ ይበልጥ እሺ ይላል፣ ክሮቹም የተኙት በዚያ በሚታጠፍበት መስመር አቅጣጫ ነው። ከክሮቹ ጋር የሚሄድ እጥፋት ንጹሕ ይሆናል፤ ክሮቹን የሚያቋርጥ እጥፋት ግን በወፍራም ወረቀት ላይ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከ160 ግራም በላይ የሆነ ወረቀት ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ሽንሽኑን ማውጣት

ካርዱ ተጠናቆ ሲታይ 10 በ21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህን መጠን የመረጥሁት በየሱቁ በሚገኘው 11 በ22 ሴንቲ ሜትር በሆነው ረጅም ፖስታ ውስጥ ሳይጨናነቅ ስለሚገባ ነው። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 21 የሆነውን ጎን ሳይነኩ ረጅሙን ጎን 23 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ከ23ቱ ውስጥ 10 ለካርዱ ጀርባ፣ 13 ለፊቱ ይውላል፤ በፊቱ ላይ የሚወጡት ሦስት ሽንሽኖች እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚውጡ ፊቱም በመጨረሻ 10 ይሆናል።

አሁን ወረቀቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡና ከቀኝ ጠርዝ በመነሳት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ13 ሴንቲ ሜትር ላይ ከላይና ከታች ጫፍ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያድርጉ፤ ነጥቦቹን በማስመሪያ እያገናኙ በባዶው ስክሪብቶ ተጭነው ያስምሩ። ቀጥሎ ወረቀቱን ይገልብጡትና በጀርባው በኩል ከዚያው ጠርዝ፣ አሁን በግራዎ ከሆነው ማለት ነው፣ በ2.5፣ በ4.5 እና በ6.5 ላይ እንዲሁ ያስምሩ። በፊት በኩል የተሰመሩት ወደ ኋላ፣ በጀርባ በኩል የተሰመሩት ደግሞ ወደ ፊት ይታጠፋሉ፤ ወፍራም ወረቀት የተጎደጎደው መስመር ከእጥፋቱ ውጭ ሲውል ነው ሳይሰነጠቅ የሚታጠፈው። ሦስቱን ሽንሽኖች ተራ በተራ አጥፈው ወደ ግራ ይደራርቧቸው፣ በማንኪያው ጀርባም ይተኩሷቸው፤ በቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር ሜዳ፣ ቀጥሎ 1 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እርከኖች፣ ከዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ሰፊ ሜዳ ይታያል። በመጨረሻ በ13 ላይ ያሰመሩትን አጥፈው ካርዱን ይዝጉት።

ሽንሽኑ የነጠላ ጥለት እንዲመስል ከተፈለገ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ ቀለም ቁራጮች ቆርጦ በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ብቅ እንዲሉ አድርጎ ማጣበቅ ነው። ለእንቁጣጣሽ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያምራል፤ ለዒድ ሦስቱንም አረንጓዴ ማድረግ እወዳለሁ። ሽንሽኑ መልሶ እንዳይዘረጋ ደግሞ ከፊተኛው ክፍል በስተ ውስጥ 9.5 በ20.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስስ ወረቀት ይለጠፋል፤ ኮላው በወረቀቱ ዳር ዳር ብቻ፣ በጣም ሳስቶ ይቀባ።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። አንድ ክረምት ደሴ ውስጥ ከስንዴ ዱቄት ያፈላሁትን ሙጫ ውኃ አብዝቼበት አሥር ያህል ካርድ ለጠፍሁ፤ ሲያድሩ ሁሉም እንደ ቅርፊት ተጠቅልለው ተገኙ። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ደሴን የሚያየው የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በሚውልበት በነሐሴ ወር ደግሞ ከአየሩም ብዙ ይጠጣል። ስለዚህ በክረምት የሚሠራ ካርድ ከተለጠፈ በኋላ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል ሆኖ ከባድ መጻሕፍት ተጭነውበት ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ቆላ ቀመስ በሆነችው በኮምቦልቻ ቶሎ ይደርቃል፤ ያም ሆኖ መጻሕፍቱ አይቅሩ።

አደይ አበባውን ማጠፍ

በስድስት ሴንቲ ሜትሩ ሜዳ ላይ የሚቀመጠው አበባ ከአንድ የወረቀት ጥብጣብ ብቻ የሚወጣ ሲሆን፣ ከካርዱ ሥራ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እጥፋት ራሱ ጌጥ መሆኑ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ ታጥፎ የቅዱሳን ሥዕል የሚሣልበት መጽሐፍ ሰንሱል ይባላል፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራና ዛሬ በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም የሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ብራናም ሲዘረጋ እንደ ማራገቢያ ክብ ሆኖ ይከፈታል። የእኛ አበባ የሚከፈተው በዚያው መንገድ ነው።

ከቢጫው ወረቀት 2.5 በ29.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ይቁረጡ፤ ከአንድ ወረቀት ስምንት ይወጣሉ። በየ0.5 ሴንቲ ሜትሩ መስመሩን በሙሉ አስቀድመው በባዶው ስክሪብቶ ያስምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና በግምት ማጠፍ ይጀምራል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ እጥፋት የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ቢፈጠር በ58ቱ እጥፋቶች ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ አበባው ይወላገዳል። ከዚያ አንዱን ወደ ፊት፣ ቀጣዩን ወደ ኋላ እያደረጉ እስከ መጨረሻው ያጥፉ፤ 59 ቀጫጭን ገጾች ይኖሩታል። ጥብጣቡን አሥራ አምስት አሥራ አምስት ገጽ ያህል እየሰበሰቡ በአንደኛው ጫፍ በኩል ብቻ ሁለቱን ማዕዘን በመቀስ ቢያሾሉት የአበባ ቅጠል ይመስላል፤ የእውነተኛው አደይ ቅጠሎች በቁጥር ከዚህ እጅግ ያነሱ ቢሆኑም ከሩቅ ሲታይ ልዩነቱ አይጎላም።

የመጨረሻውን ገጽ በመጀመሪያው ላይ ደርበው ያጣብቁት፤ 58 ገጽ ይቀራል። ቁጥሩ ሙሉ መሆኑ ግድ ነው፣ ጎዶሎ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች እጥፋታቸው ወደ ተለያየ ወገን ስለሚዞር አይገጥሙም። ቀለበት የሆነውን ወረቀት እንደ አክሊል ያቁሙትና ያልሾለውን ጠርዝ በጣቶችዎ ወደ መሐል እየሰበሰቡ ወደ ታች ይጫኑት፤ በአንድ ጊዜ ተዘርግቶ አበባ ይሆናል። ለቀቅ ሲያደርጉት ግን ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ወረቀቶች አስቀድመው ያዘጋጁ፣ አንዱን ኮላ ቀብተው ከሥሩ፣ ሌላውን ከላይ በመሐሉ ይለጥፉ፤ የቡና ሲኒ ጥቂት ባቄላ ጨምረውበት በመሐሉ ላይ ቢያቆሙት እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዞ ያቆየዋል። ሲደርቅ በካርዱ ሜዳ ላይ ከመሐል ከፍ አድርገው ያጣብቁት።

በውስጡ የሚጻፈው

በወሎ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስላለ ይኸው እጥፋት ለሁሉም በዓል ይሆናል፤ የሚለወጠው ጽሑፉና የቁራጮቹ ቀለም ነው። ለታላቅ ሰው «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ» ተብሎ በአክብሮት ይጻፋል፣ ለእኩያ «እንኳን አደረሰህ» ወይም «እንኳን አደረሰሽ» ይበቃል፣ ለዒድ «ዒድ ሙባረክ» ይባላል። ጽሑፉ በእጅ ይጻፍ፤ ካርዱ ከመለጠፉ በፊት መጻፍም ይሻላል፣ የተሸነሸነ ወረቀት ከሥሩ እርከን ስላለው እጅን ያንሸራትታልና።

አበባ የሌለው ካርድ ጠፍጣፋ ስለሆነ በፖስታ ይላካል። አበባ ያለበት ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በፖስታ ቢላክ ይጨፈለቃል፤ በእጅ ይሰጥ፣ ወይም ከደሴ ወደ ላሊበላ በአውቶቡስ ለሚሄድ ዘመድ አደራ ከተባለ ዳርና ዳሩ በተጠቀለለ ወረቀት ተደግፎ ባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይግባ።