ድፍርስ ውሃ የተሸከመውን ከባድ ብረታ ብረት መለካት፦ ከቦርከና ወንዝ የደለል ናሙና አወሳሰድ

በወሎ በኮምቦልቻ በኩል በሚያልፈው በቦርከና ወንዝ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚነሣ ተማሪ ወይም ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ወንዙ ጠርቶ በሚወርድበት በጥር ወይም በየካቲት አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ንጹሕ ነው የሚል ውጤት ቢመለስለት ውጤቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ጎዶሎው ጥያቄው ነው። እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክና ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ባለ ሦስት ክሮሚየም (Cr III) አሲድነት በሌለው ውሃ ውስጥ ሟምተው ብዙ አይቆዩም፤ በደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች፣ እነዚህን ቅንጣቶች እንደ ዝገት በሚሸፍኑት የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይዶች፣ እንዲሁም በበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ላይ ተጣብቀው ይጓዛሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጭነት የሚያልፈው ወንዙ በደፈረሰባቸው ጥቂት ቀናት ነው። ሌላው የክሮሚየም ዓይነት፣ ባለ ስድስት ክሮሚየም (Cr VI)፣ ግን ሟምቶ መሄድ ስለሚችል፣ የተጣራው ውሃም ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ቦታ ሲመረጥ ከኮምቦልቻ በላይ አንድ የማነጻጸሪያ ነጥብ የግድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነጥብ በፋብሪካዎቹ አካባቢ የሚያልፉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ከቦርከና ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ፣ ውሃው በደንብ ከተዋሐደበት ሥፍራ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንዙ ወደ ጨፋ ረግረግ ከመግባቱ በፊት ቢሆን መልካም ነው። የላይኛው ነጥብ የግድ የሚሆንበት ምክንያት የወሎ ደጋ አፈር በአብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ የተገኘ መሆኑ ነው። ባዛልት በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል ስላለው፣ በውጭ አገር ሠንጠረዦች ላይ ለደለል የተቀመጡት ወሰኖች (ለክሮሚየም በኪሎ ግራም 111 ሚሊ ግራም፣ ለኒኬል 48.6) አንድም ፋብሪካ በሌለበት ተራራ ሥር ሊታለፉ ይችላሉ። ሠንጠረዡን ብቻ ይዞ ፋብሪካ መክሰስም ሆነ ነጻ ማውጣት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከስንፍና የሚቆጠር ነው።

ጊዜን በተመለከተ የበልጉ የመጀመሪያ ጎርፍና የሐምሌና የነሐሴ ደራሽ ይቀድማሉ። በብዙ ትናንሽ ወንዞች ደለሉ ከውሃው ከፍታ ቀድሞ ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ፣ ጎርፉ ከሞላ በኋላ የደረሰ ሰው ዋናው ጭነት አልፎት ይሆናል። ውሃው መነሣት ሲጀምር በየ30 ደቂቃው መቅዳት፣ ሲጎድል ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መቀጠል በቂ ነው። ናሙናው ከድልድይ ላይ፣ በገመድ በታሰረ የፕላስቲክ ባልዲ ይወሰዳል፤ ደራሽ ከላይ ዘንቦ ከታች ፀሐይ ሳለ ስለሚመጣ ማንም ወደ ወንዙ ውስጥ መግባት የለበትም። የብረት ባልዲ ራሱ ዚንክ ሊለቅ ስለሚችል አይሆንም።

ጠርሙሶቹ ፕላስቲክ ሆነው 10 በመቶ በሆነ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ 24 ሰዓት ተዘፍዝፈው፣ በተጣራ የላቦራቶሪ ውሃ በደንብ መለቅለቅ አለባቸው። በደራሽ ጊዜ ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ በበጋ ግን የሚመዘን ደለል ለማግኘት በጀሪካን መቅዳት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ማጣራቱ ነው። ናሙናው በዚያው ቀን፣ እስከዚያ በበረዶ ሣጥን ተቀምጦ፣ ቀድሞ በተመዘነ ባለ 0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይጣራል። የጎርፍ ውሃ ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው ያለፈው ውሃ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ወዲያው ይጻፍ። አሲድ የሚጨመረው ከተጣራ በኋላ፣ ለተጣራው ውሃ ብቻ ነው፤ የአሲድነት መጠኑም ከፒኤች 2 በታች ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ ከቅንጣቶቹ ላይ ብረታ ብረቱን አላቅቆ ወደ ውሃው ስለሚያስገባ፣ በደለል የተጓዘው ሁሉ የሟሟ ይመስላል። እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ስሕተት ሠርቼ የአንድ ሳምንት ናሙና ጥያለሁ። ማጣሪያው ላይ የቀረው ደለል በ105 ዲግሪ ደርቆ ይመዘናል፤ ሜርኩሪ የሚለካ ከሆነ ግን በሙቀት ስለሚተን ሌላ ናሙና ለይቶ ሳያሞቁ ማድረቅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ደለሉ በጠንካራ አሲድ ሟሙቶ በመሣሪያ ይነበባል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሊትር 3 ግራም ደለል ቢገኝና በደለሉ ውስጥ ያለው ክሮሚየም በኪሎ ግራም 120 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ በአንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ 0.36 ሚሊ ግራም ክሮሚየም በደለል ላይ ተጭኗል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው፤ ያው ጠርሙስ ተጣርቶ ቢለካ ግን ከዚህ በታች ሊሆን ይችላል። የወንዙ ፍሰት በሰከንድ 20 ሜትር ኩብ ከሆነ በአንድ ሰዓት ወደ 26 ኪሎ ግራም ክሮሚየም ያልፋል። ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ደለል በኪሎ ግራም 90 ሚሊ ግራም ቢያሳይ፣ ከዚህ ውስጥ ከመነሻው በላይ የሆነው ሩቡ፣ 6.5 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ደቃቅ ደለል ከሻካራው የበለጠ ስለሚይዝ፣ ንጽጽሩ እንዳያሳስት የሁሉም ነጥቦች ደለል በባለ 63 ማይክሮሜትር ወንፊት ያለፈው ብቻ ተወስዶ ቢመረመር ይመረጣል።

ጭነቱ የት ይወርዳል? በባሕር ዳርቻ በሚያበቁ ወንዞች ጨው የሸክላ ቅንጣቶችን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት አፍ ላይ ከብደው ይሰጥማሉ፤ ካድሚየም ግን በጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ተጣምሮ ከደለሉ ተላቅቆ ሊሟሟ ይችላል። የቦርከና ውሃ ከዚህ ይለያል፤ አዋሽን ተቀላቅሎ የሚሄደው ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ወደሚገኘው ጨዋማ የአቤ ሐይቅ ነው። ከወሎ ምዕራብ የሚወርደው በሽሎ ግን ወደ ዓባይ ይገባል። ለቦርከና እንደ ወንዝ አፍ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ሥፍራ ጨፋ ነው፤ ውሃው እዚያ ሲዝል ደለሉን ያራግፋል። ረግረግ ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ የብረትና የማንጋኒዝ ኦክሳይዶቹ ስለሚሟሙ የያዙትን ሊለቁ ይችላሉ፤ ሰልፋይድ ካለ ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ይይዘዋል። በጨፋ በበጋ ብዙ ከብት ስለሚሰማራ፣ ጎርፉ ከጎደለ በኋላ ጭቃው ሳይሰነጠቅ፣ ላይኛውን አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ በፕላስቲክ ማንኪያ አንሥቶ፣ ቀኑንና የጎርፉን ከፍታ በመያዣው ላይ ጽፎ መውሰድ ያስፈልጋል፤ ከሥሩ ያለው ንብርብር ያለፈው ዓመት ጎርፍ ያመጣው ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይያዝ።