«እኔ ስልክ ላይ ይከፈታል እኮ!» ጽሑፋቸውን በፒዲኤፍ የሚሸጡ ልጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቀድሞ ደንበኞቼ ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል የሚያስጽፉ ጎልማሶች ነበሩ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ግን ግጥማቸውን፣ አጭር ልብ ወለዳቸውን ወይም የባዮሎጂ ማስታወሻቸውን በደብተር ይዘው «ጋሼ፣ ፒዲኤፍ ያድርጉልኝ፤ በቴሌግራም ልሸጠው ነው» የሚሉኝ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች በርክተዋል። ድፍረታቸው ደስ ይለኛል፤ ከመካከላቸው እኔ በዚያ ዕድሜዬ ልጽፍ ቀርቶ ላስበው የማልችለውን የሚጽፉ አሉ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኞቹ የሚሸጡትን ነገር ገዢው እንደሚያየው አድርገው አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም።

ከሁሉ የከፋውና ተናግሬ ተናግሬ የሰለቸኝ ስህተት የፎንቱ ነገር ነው። የድሮዎቹ የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የሚሠሩት የአማርኛውን ፊደል ምስል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነበር። ዓይናችን «ሰላም» ብሎ ቢያነብም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ፎንት የሌለበት ስልክ ፋይሉን ሲከፍት የሚያሳየው ያንኑ ድርድር ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ቋንቋዎች ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የራሱን ቦታ ካገኘ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ሳለ፣ የታላቅ ወንድማቸው ላፕቶፕ ላይ በተጫነ አሮጌ ፕሮግራም ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው የሚመጡ ልጆች ዛሬም አሉ።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። 60 ገጽ ያህል የሆነ ታሪክ በዚሁ ዓይነት ፎንት ጽፋ፣ ወደ ፒዲኤፍ እንኳ ሳትቀይረው በወርድ ፋይልነቱ ለ31 ሰው በ40 ብር ሸጠችው። ማታውን ስልኳ በመልእክት ተጨናነቀ፤ «ምንድን ነው የላክሽልኝ?» «ቫይረስ ነው?» «ብሬን መልሺ!» በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፋ መጣችና «ይኸው ይከፈታል እኮ፣ ጋሼ፣ ይዩት!» እያለች አለቀሰች። እርግጥ ነው፣ እሷ ዘንድ ይከፈታል፤ ፎንቱ ያለው እሷ ላፕቶፕ ላይ ነዋ! 1,240 ብሩን ለእያንዳንዱ ገዢ መልሳ እስክትልክ ድረስ ሁለት ቀን ፈጀባት። ከዚያ በኋላ የተስተካከለውን ፋይል ስትልክላቸው እንደገና የከፈሉት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ፈተናው ቀላል ነው። ፋይሉን በቴሌግራም ለሌላ ሰው ላኩና፣ በተቻለ መጠን ርካሽ በሆነ ስልክ ላይ ይከፈት። ከዚያ ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርጋችሁ በመልእክት መጻፊያው ላይ ለጥፉት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከወጣ ጥሩ ነው፤ ምልክት ብቻ ከወጣ ግን ገጹ ለዓይን ቢያምርም ጽሑፉ በአሮጌው ፎንት ነው የተጻፈው ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙ የዩኒኮድ ፎንቶች ናቸው፤ በስልካችሁ አማርኛ ኪቦርድ የጻፋችሁትም ጽሑፍ ዩኒኮድ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

የኤ4 ገጽ ለስልክ አይሆንም፤ በኤ5 ገጽ፣ ፊደሉን ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ።

የፋይሉን ስም «ፋይናል የመጨረሻ 2» ብሎ መላክም ያሳፍራል። በዚህ ረገድ ግን ድንጋይ ለመወርወር መብት የለኝም። የራሴን አጫጭር ታሪኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ስሸጥ፣ አዲስ ሰነድ ከመክፈት ይልቅ የቆየ ሰነድ አጥፍቼ በላዩ ላይ ጽፌ ነበር። በሰነዱ መረጃ ውስጥ የነበረው የድሮ ርዕስ አብሮ ወደ ፒዲኤፉ ስለተሻገረ፣ መጽሐፌ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ሲከፈት ከአናቱ «የቤት ኪራይ ውል» የሚል ይታይ ነበር። ከሐዋሳ አንድ አንባቢ ደውሎ «ወንድሜ፣ አከራዩ እርስዎ ነዎት?» እስኪለኝ ድረስ አላወቅሁም።

ክፍያን በተመለከተ ስክሪንሾት አትመኑ። የሚላክላችሁን የ«ተከፍሏል» ምስል በደቂቃ ውስጥ አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ ደግሞም ልጆቹ ገዢን መጠራጠር ነውር ስለሚመስላቸው ፋይሉን ወዲያው ይለቃሉ። ከ127 የሚመጣው የቴሌብር መልእክት በራሳችሁ ስልክ ሳይደርስና ቀሪ ሂሳባችሁ መጨመሩን ሳታዩ ፋይል አይላክም። «ኔትወርክ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይገባል» ለሚል ሰው መልሱ «እንደገባ እልክልዎታለሁ» ነው።

ከመምህር ሃንድአውት ወይም ከሌላ ሰው መጽሐፍ ገልብጦ «አጭር ማስታወሻ» እያሉ መሸጥ ሌላው ችግር ነው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ መምህሩም በራሱ አቀራረብ ላዘጋጀው ጽሑፍ ደራሲ ነው። ሐሳብን አንብቦ፣ ተረድቶ በራስ ቃል መጻፍ ግን ማንም የማይከለክለው ነገር ነው፤ ደግሞም የሚሸጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም የክፍል ጓደኛ ከመጽሐፉ ያልገባውን ከእኩያው አገላለጽ ሊረዳው ይችላል። ሽፋኑ ላይ «የሚወጡ ጥያቄዎች» ብላችሁ እንዳትጽፉ ግን እለምናችኋለሁ። በ2008 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ተሰርዞ፣ ተማሪው እንደገና እንዲፈተን የተደረገባት አገር ናት፤ እንዲህ ያለ ሽፋን ያየ ወላጅ ከሌባ ጋር ይቆጥራችኋል።

ፋይሉን በይለፍ ቃል መቆለፍ ከንቱ ድካም ነው፤ የይለፍ ቃሉም ከፋይሉ ጋር አብሮ ይተላለፋል። ከዚያ ይልቅ በየገጹ ግርጌ የገዢውን ስም በትንሹ ማስፈር ይሻላል፤ ሰው ስሙ ያለበትን ፋይል በቻናል ላይ ለመበተን ያመነታል። የተወሰነው ሽያጭ እንዲሁ ባክኖ እንደሚቀር ግን ተቀበሉት። ዋጋን ከታተመ መጽሐፍ ጋር አታስተካክሉ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍም በነፃ ስጡ።

«በአማዞን ኪንድል (በውጭው የኢንተርኔት መጽሐፍ መሸጫ) ልሽጠው» ለሚሉኝ ደግሞ አንድ ነገር እላቸዋለሁ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ በዚያ በራሱ ስም አካውንት አይከፍትም፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ በስሙ ከፍቶ ኃላፊነቱን መውሰድ አለበት። በእኛም የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ስለዚህ ሽያጩን ከቤተሰብ ደብቆ መጀመር ኋላ የሚጎትት ጣጣ ነው።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሲም ካርዱ በእናቱ ስም የወጣ በመሆኑ ክፍያውን በእሳቸው ቴሌብር ሲቀበል ሰነበተ፤ ለእሳቸው ግን ምንም አልነገራቸውም። አንድ ቀን እናቲቱ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ ገቡ፤ ከማያውቋቸው ሰባት ሰዎች 50፣ 50 ብር ገብቶ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ይህ ልጅ ምን እየሸጠ ነው?» ሲሉኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ አይረሳኝም። ፋይሉን ከፍቼ የመጀመሪያውን ግጥም አነበብኩላቸው፤ ስለ ራሳቸው ስለ እናቱ የተጻፈ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ሳይነግረኝ?» አሉ። አሁን ልጁ የገዢዎቹን ስም በደብተር ይመዘግባል፤ ከ127 መልእክት በመጣ ቁጥር እናቱ ከጓዳ ሆነው «የአዳማዋ ልጅ ገባላት፣ ላክላት!» ይሉታል።