ለሌሊት ሩጫ የሚሆን የግንባር መብራት እንዴት ይመረጣል?

የግንባር መብራት ለመግዛት የተነሣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ጎላ ብሎ በተጻፈው የሉመን ቁጥር ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያውን መብራቴን የመረጥኩት ያንን ቁጥር ብቻ አይቼ ነበር፤ በዚያ ምርጫ ምክንያት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልሮጥ ቆይቻለሁ። ሉመን መብራቱ በጠቅላላ የሚያወጣውን የብርሃን መጠን ይናገራል እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍም ሆነ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አይናገርም፤ ሯጭ የሚያስፈልገው ደግሞ በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

በመጀመሪያ የት እንደሚሮጡ ይወስኑ። የመንገድ መብራት ባለበት አስፋልት ላይ ለሚሮጥ ሰው የግንባር መብራት ጥቅሙ ከማየት ይልቅ መታየት ስለሆነ ከ100 እስከ 150 ሉመን ይበቃዋል። መብራት በሌለበት ጥርጊያ መንገድ ላይ 200 ሉመን ገደማ፣ ሥርና ድንጋይ በበዛበት ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ደግሞ ከ300 እስከ 400 ሉመን ቢኖር ይመረጣል። ከዚያ በላይ ያለው ብርሃን ለአብዛኛው ሯጭ ክብደት ከመጨመርና ባትሪ ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ እኔም የተጎዳሁበት ነጥብ ነው፤ የቆይታ ጊዜውን በትክክል ማንበብ። የእኔ መብራት ካርቶን 400 ሉመንና 8 ሰዓት ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አንብቤ፣ መብራቱ ስምንት ሰዓት ሙሉ 400 ሉመን ይሰጠኛል ብዬ ደመደምኩ። ሩጫ ከጀመርኩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደሆነኝ፣ ጎማ የቆፈረው ከአንድ ስንዝር የማይጠልቅ ቦይ ውስጥ ረግጬ ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። እግሬን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ መብራቱን ወደ ጫማዬ ሳዞረው ክሩ ከጫማው ጨርቅ ተለይቶ አይታየኝም ነበር። ብርሃኑ ከደከመ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ የደከመው ቀስ በቀስ ስለነበረና ዓይኔም እኩል ከጨለማው ጋር እየተላመደ ስለሄደ ምንም አልታወቀኝም።

ካርቶኑ ግን አልዋሸም። በርካታ አምራቾች የሚከተሉት፣ በ2009 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ኤፍኤል 1 የተባለ የመለኪያ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት የሉመኑ መጠን የሚለካው መብራቱ በበራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ የቆይታ ጊዜው የሚቆጠረው ደግሞ ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ በ400 ሉመን የጀመረ መብራት 40 ሉመን ላይ ደርሶም «እየሠራ» ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለ መብራት ስለሚግል፣ አንዳንዱ ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑን በገዛ እጁ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሲገዙ ሊጠይቁ የሚገባው «ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብለው ሳይሆን «የጀመረበትን ብርሃን ለስንት ሰዓት ይይዛል?» ብለው ነው። ጥሩ መብራት ብርሃኑን ለረጅም ጊዜ እኩል ይዞ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ይህንን የሚያሳይ ግራፍ በመመሪያው ላይ የሚያትሙ አምራቾች አሉ፤ እኔ ግራፍ ያለውን ከሌለው አስቀድማለሁ። ግራፍ ካልተገኘ ራስዎ ይፈትኑት። መብራቱን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው በጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ ኮርኒስ አቅጣጫ ያብሩት፤ ስልክዎን አንድ ቦታ አስቀምጠው፣ የካሜራውን የብርሃን ቅንብር በእጅ ቆልፈው በየ15 ደቂቃው ፎቶ ያንሡ። ቅንብሩ ካልተቆለፈ ካሜራው ልክ እንደ ዓይን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱ አይታይም። ሲሮጡ መብራቱን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ክፍል ውስጥ ግን ነፋስ ስለሌለ ቬንትሌተር ከፊቱ ቢያቆሙ ውጤቱ ከእውነተኛው ሩጫ ጋር ይቀራረባል። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ብርሃኑ በስንተኛው ሰዓት እንደከዳዎት በግልጽ ይታያል። ከሩጫዎ ርዝመት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ጊዜ ብርሃኑን ካልያዘ መብራቱን ይመልሱት።

የጨረሩን ርቀትና ስፋት አብረው ይመልከቱ። «100 ሜትር» ተብሎ የተጻፈ መብራት በ100 ሜትር ላይ የሚሰጠው ብርሃን 0.25 ሉክስ ብቻ ነው (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፤ ይህም በጠራ ሰማይ ላይ ካለች ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩ ግን ሊያስፈራዎት አይገባም፤ ምክንያቱም ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ይጨምራል። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሴኮንድ 3.3 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሦስት ሴኮንድ ቅድመ እይታ እንዲኖረው ከፈለገ በደንብ ማየት ያለበት 10 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሩቅ ከሚደርስ ቀጭን ጨረር ይልቅ የመንገዱን ግራና ቀኝ የሚያሳይ ሰፊ ጨረር ለሯጭ ይበልጥበታል። ጠርዙ በድንገት የሚቆረጥ ክብ ብርሃን ከሆነ አይግዙት፤ ጭንቅላት በተነቃነቀ ቁጥር ክቡ አብሮ ሲዘል ዓይንን ያደክማል።

የግንባር መብራት አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለው። ብርሃኑ ከዓይን አጠገብ ስለሚነሣ የድንጋዩ ጥላ ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቆ ይቀራል፤ ጎርባጣውም መንገድ ሜዳ መስሎ ይታያል። በአስቸጋሪ መንገድ ላይ የሚሮጡ ከሆነ ወገብ ላይ የሚታሰር መብራት ወይም የእጅ ባትሪ ይጨምሩ፤ ዝቅ ብሎ የሚነሣ ብርሃን ጥላውን ስለሚያስረዝመው እንቅፋቱ ጎልቶ ይታያል። በጉም ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ግንባር ላይ ያለው ብርሃን ከጉሙ ተንጸባርቆ ዓይን ላይ ስለሚመለስ፣ ከፍ ማድረግ ሳይሆን ቀነስ ማድረግ ይሻላል። ብርሃኑን በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መብራት በዚህ ጊዜ ጉሙን ቅርብ ያለ ነገር አድርጎ ቆጥሮ ከሚፈለገው በላይ ሊደበዝዝ ስለሚችል፣ እኔ ይህን አገልግሎት አጥፍቼ ነው የምሮጠው።

ከመክፈልዎ በፊት ራስዎ ላይ አስረው ይዝለሉ። አሥር ጊዜ ሲዘሉ ጨረሩ መሬቱ ላይ ከተንቀጠቀጠ ወይም የሚታጠፈው አንገቱ በራሱ ወደ ታች ከወረደ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ይተዉት። እንዳይንሸራተት ብለው ላስቲኩን በጣም ካጠበቁት ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይሆናል። ከ100 ግራም በላይ የሚመዝን ከሆነ ባትሪው ከኋላ የተቀመጠለትን ይምረጡ፤ ሚዛኑ ስለሚጠበቅ ግንባር ላይ አይጫንም። ማብሪያ ማጥፊያውንም በላብ በራሰ ጣት፣ ጓንት የሚያደርጉ ከሆነም በጓንት፣ ሳያዩ ይሞክሩት።

ስለ ባትሪ፣ ዘወትር ለሚሮጥ ሰው ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል። በተራ ድንጋይ የሚሠራው ብርሃኑ ቀስ በቀስ እየወረደ የመሄድ ጠባይ ስላለው ለመጠባበቂያነት እንጂ ለዋናነት አልመክረውም። ብርድ የማንኛውንም ባትሪ ጉልበት ይቀንሳልና ትርፍ ባትሪ ሲይዙ ሰውነትዎ አጠገብ ባለ ኪስ ያስቀምጡት። ቁልፉ የሚቆለፍበት መንገድ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ አለዚያ ቦርሳ ውስጥ በራሱ በርቶ ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ውኃን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ካለው ዝናብ አይጎዳውም።

ከተሽከርካሪ ጋር መንገድ የሚጋሩ ከሆነ ከኋላ ቀይ መብራት የግድ ያድርጉ፤ የግንባሩ መብራት ከኋላ ለሚመጣ ሹፌር አይታይም። ሰው ከፊት ሲመጣ ጨረሩን በእጅ ይከልሉ ወይም ወደ መሬት ይመልሱ።

ገዝተው ሲጨርሱ የመጀመሪያውን የሌሊት ሩጫ በቀን በሚያውቁት አጭር መንገድ ላይ ያድርጉ። ሲሮጡ በየ20 ደቂቃው ቆም ብለው ወደ ጫማዎ ይመልከቱ፤ ክሩ ከጨርቁ ተለይቶ መታየቱን ካቆመ ወደ ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደርሷል።