የታሪክ ዶክመንተሪ በቲቪ ሲመጣ እንዴት እንጠብቀው? እንዴትስ እንተቸው?

አዲስ ተከታታይ የታሪክ ዶክመንተሪ ሊጀመር ነው ሲባል ጅማ ውስጥ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ማስታወቂያው ላይ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብልጭ ካለማ አለቀ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ጅሬን ታየ እኮ!» ብለው ይቀበሉኛል። ደስታቸው ደስታዬ ነው። የሚያሳዝነኝ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የሚሰጠው አስተያየት ነው። ግማሹ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ታሪካችንን አበላሹት» ብሎ ያልፋል። በዚህ የሚስተካከል ነገር የለም። ለተማሪዎቼ የምነግራቸውን እዚህም ልጻፈው።

ፊልሙ ሳይጀምር የምትጠብቁትን በወረቀት ጻፉ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ስለ ጅማ ከሆነ የእኔዎቹ እነዚህ ናቸው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ከጦርነት ያተረፉበት መንገድ እንዴት ይነገራል? የእናታቸው የጉሚቲ ስምስ ይነሳል? የሂርማታ ገበያ ሲወሳ የሚነገረን ስለ ቡናና ማር ብቻ ነው ወይስ እዚያ ይሸጥ ስለነበረው ሰውም? የመጨረሻዋ ጥያቄ ታምማለች፣ አውቃለሁ። ግን የባሪያ ንግዱን ዘሎ የቤተ መንግሥቱን የእንጨት ሥራ ብቻ የሚያሳይ ፊልም ለጅማ ውለታ አልዋለላትም። ጥያቄው ቀድሞ ከተጻፈ ሙዚቃውና ከድሮን የተነሳው ምስል አያዘናጋችሁም።

ስታዩ ደግሞ ደጋግማችሁ «ይህን ማን ቀረጸው?» በሉ። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ትኬት ለቆረጠ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያሳዩት ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። ስለዚህ ስለ ዓድዋ እየተተረከ ፈረሰኛ ሲጋልብ ካያችሁ፣ ወይ በተዋንያን የተሠራ ነው ወይ ከሌላ ዘመን የመጣ። በተዋንያን መሥራት ነውር የለውም። ነውሩ ከሥሩ አለመጻፍ ነው።

የ1928ቱ ወረራ ሲመጣ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ፋሺስቶቹ ሉቼ የሚባል የራሳቸው የፊልም ተቋም ነበራቸው። ብዙ ጊዜ የምናየው ተንቀሳቃሽ ምስል ካሜራው በወራሪው በኩል ቆሞ የተነሳ ነው። መንገድ ሲሠራ ያሳያል፣ የመርዝ ጋዙን አያሳይም። ተራኪው ይህን ሳይነግረን ምስሉን ብቻ ካስኬደው የሙሶሎኒን ፕሮፓጋንዳ ሳሎናችን ድረስ አመጣው ማለት ነው።

ምስሉ እውነተኛ ሆኖም ቅንብሩ ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በ1966 ለዓለም አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከንጉሡ ድግስ ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው መቀስ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። አንድ ምስል ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ ልብ በሉ።

ዓመተ ምሕረቱንም ፈትሹ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከፈረንጆቹ የምንለየው በ7 ዓመት ነው። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ 8 ይሆናል። ዓድዋ 1888 ሲደመር 8፣ 1896 ይመጣል። የንጉሡ መውረድ 1967 ሲደመር 7፣ 1974። ተራኪው እነዚህን ካምታታ ሌላውንም ቀን ተጠራጠሩ።

መብራት ቢጠፋባችሁ አትናደዱ፣ ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ ይጫናል። ትችት የሚጻፈውም በሁለተኛው እይታ ነው። የመጀመሪያውን ከቤተሰብ ጋር ዝም ብላችሁ እዩት።

ስትጽፉ ክፍሉንና ደቂቃውን ጥቀሱ። የተባለውን እንዳለ ገልብጡ። ቀጥሎ ስህተት የምትሉበትን ማስረጃ አስቀምጡ። «ሁለተኛው ክፍል 14ኛው ደቂቃ ላይ የታየው ምስል የዓድዋ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም...» እንዲህ የተጻፈ አስተያየት አዘጋጁን ያሠራዋል። የባለሙያውን ብሔር መሳደብ ትችት አይደለም፣ እኔ እንዲህ ያለውን አንብቤ አልጨርሰውም። ጥሩ የሠሩትንም በስም ጥሩ። ማኅደር ውስጥ ተቀምጦ አሮጌ ፎቶ የፈለገ ልጅ ምስጋና ይገባዋል።

ፊልሙ የዘለለውን ደግሞ እኛው እንሰብስብ። ጅሬን፣ ሂርማታ፣ ቆጪ፣ የትም ሰፈር የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅረጹ። በአፋን ኦሮሞ ካወሩ በዚያው ይሁን፣ አታቋርጧቸው። ስማቸውን፣ የት እንደተወለዱና ታሪኩን ከማን እንደሰሙ መጀመሪያ ላይ አስነግሯቸው። ያየሁትና የሰማሁት የሚሉትን ለዩ። ፋይሉን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ፍላሽ ላይም ገልብጡት። የሚቀጥለው ፊልም ሠሪ ጅማ ሲመጣ የምትሰጡት ነገር ይኖራችኋል።