ሃያ ደቂቃ ሄዶ የሚቆመው ፎርድ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራ ፎርድ ሞዴል ኤ ነው። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ ይሠራል። ከዚያ ይንተፋተፍና ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የካንዴላዎቹን ብልጭታ የሚያግዘውን ትንሽ ዕቃ፣ ኮንደንሰሩን ነበር። ሲሞቅ የሚከዳ፣ ሲበርድ የሚታረቅ ዕቃ ነው። ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ካንዴላዎቹን አጸዳሁ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቼ ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ። ያው ነው። ሁለት ቅዳሜ በከንቱ ሄደ።

ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ነው። ይህ መኪና የነዳጅ ፓምፕ የለውም። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ከካርቡራተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። እሱ እንዲወርድ ደግሞ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ወርጄ ክዳኑን ስከፍተው «ፍስስ» ብሎ አየር ሳበ። ወዲያው አስነሳሁት፤ ተነሳ!

ጥፋተኛው እኔው ነኝ። ክዳኑን ቀለም ስቀባው ቀዳዳዋን ደፍኛታለሁ። ክዳኑን አውጥቼ ቀለሙን በቀጭን ሽቦ ፋቅኩት። አፌን ገጥሜ ስነፋ አየር አለፈ።

እግረ መንገዴን ቤንዚኑን ዘግቼ ከካርቡራተሩ በፊት ያለችውን የደለል ማጠራቀሚያ ፈታሁ። ታች ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ተኝቷል። እሱንም አጠብኩት። ትናንት አንድ ሰዓት ተኩል ነዳሁት፤ አንዴም አልጠፋም። የድሮው ኮንደንሰር ደህና ስለነበር መጠባበቂያ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ገብቷል።