737 ሲያመው፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አክስቴ ትኬት ስቆርጥላት መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዋጋውን አይደለም። «ያ አውሮፕላን ነው እንዴ?» ትለኛለች። ቦይንግ 737 ማክስን ማለቷ ነው። ስሙን አትጠራውም። እኔም «ተስተካክሏል እኮ» እላታለሁ። «ምኑ?» ስትል ግን ምላሴ ይታሰራል። ይቺ ጽሑፍ የዚያ «ምኑ?» መልስ ናት።

737 መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከ10 ሺህ በላይ ተመርቷል። ይህን ያህል ዕድሜና ብዛት ካለው አውሮፕላን ረጅም የአደጋ ዝርዝር ቢጠበቅ አይገርምም። በነገራችን ላይ፣ ከማክስ በፊት የነበረው ትውልድ ከበረራው ብዛት አንፃር ሲታይ አደጋ ከማያበዙት ነው። እና በደፈናው «መጥፎ አውሮፕላን» ከማለት በሽታውን ለይቶ ማየት ይሻላል።

ምልክት፦ ገና ከመሬት እንደተነሳ የካፒቴኑ መሪ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫው በራሱ ወደ ታች ይደፋል።

ከአብራሪዎቹ መስኮት በታች፣ በአፍንጫው ግራና ቀኝ፣ ቅጠል የምትመስል ትንሽዬ ብረት አለች። ንፋስ ሲገፋት ትዞራለች። አዟዟሯ ክንፉ አየሩን በምን ማዕዘን እንደሚገጥም ይናገራል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ ተነሳ። 157 ሰው ይዟል። ብዙም ሳይቆይ የግራዋ ቅጠል 74.5 ዲግሪ አለች። የቀኟ 15.3። የመንገደኛ አውሮፕላን በ74 ዲግሪ አይበርም። ሁለቱን አስተያይቶ አንዷ እንደዋሸች ማወቅ ለማንም አይከብድም። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ግን በዚያ በረራ የሚሰማው የግራዋን ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማክስ ትልልቅ አዳዲስ ሞተሮች ተሰጡት። 737 ለመሬት ቀረብ ብሎ የተሠራ አውሮፕላን ስለሆነ ሞተሮቹ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፍተው ተሰቀሉ። በዚህ የተነሳ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫው ከሚገባው በላይ ቀና ማለት አመጣ። ኤምካስ ያኔ የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ዝቅ እንዲያደርግ ተፈጠረ። አብራሪው ቢያስተካክለውም ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይደግመዋል። የባሰው ደግሞ መኖሩን አብራሪዎች አያውቁም ነበር። በመመሪያቸው ውስጥ አልተጻፈም። ነገሩ የገንዘብም ነው፤ ቦይንግ ለአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ «አብራሪዎቻችሁ ለማክስ የሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ ማሽን) ሥልጠና ካስፈለጋቸው በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር እቀንሳለሁ» ብሎ ተዋውሎ ነበር።

መጀመሪያ የከፈለችው ኢንዶኔዥያ ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር ማክስ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው አለቀ። ቅጠሏ በዋዜማው ተቀይራ ነበር፤ የተተካችው 21 ዲግሪ ታዛባ ነበር። በዋዜማው ማታ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጠባይ አሳይቶ ነበር። ያኔ ኮክፒት ውስጥ በአጋጣሚ ሦስተኛ አብራሪ ተቀምጦ ነበርና የጅራቱን ክንፍ የሚያዞረውን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጡትን ማብሪያ ማጥፊያዎች እንዲያጠፉ ነገራቸው፤ በሰላም አረፉ። በነጋታው ያ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎች የተላለፈው መመሪያ «ሁለቱን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉና በእጅ ዘውሩ» የሚል ነው። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ አጠፉ። በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል፣ ጉልበታቸው አጠገብ፣ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር መዘውር አለ። በኤሌክትሪክ ሲሠራ ቀጭ ቀጭ እያለ ይሽከረከራል። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ የታጠፈውን እጀታ አውጥቶ በክንድ ማዞር ነው። ሞተሮቹ ግን አሁንም በመነሻ ጉልበታቸው ነበሩ፤ አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት ፍጥነት አልፏል። በዚያ ፍጥነት ጅራቱን የሚጫነው አየር መዘውሩን ቀፍድዶ ያዘው። ረዳቱ አልሠራ እንዳለ ተናገረ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም አብሮ ተመለሰ። በ6ኛው ደቂቃ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ።

ቅጠሏ ለምን ዋሸች? የኢትዮጵያ መርማሪዎች የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ወፍ ሳይመታት አልቀረም አለ፤ የአብራሪዎቹ አያያዝም በሪፖርቱ በቂ ቦታ አላገኘም ብሎ ቅር ተሰኘ። ይከራከሩ። እኔ ግን ወፍም ቢሆን አንዲት ወፍ ይህን ያህል ሥልጣን ማን ሰጣት እላለሁ።

መፍትሄ፦ ማክስ 20 ወር ያህል መሬት ላይ ቆመ። አሜሪካ እንደገና የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ነው። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም ቅጠሎች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ዝም ይላል። ሲሠራም አንዴ ብቻ ነው፤ አብራሪው መሪውን በመሳብ ሊያሸንፈው ይችላል። የሲሙሌተር ሥልጠናም ግዴታ ሆነ። አየር መንገዳችን በማክስ እንደገና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ነው። አክስቴ፣ ተስተካክሏል የምልሽ ይህን ነው።

ምልክት፦ ለማረፍ ሲጠጋ ሞተሮቹ ሳይታዘዙ ጉልበት ይቀንሳሉ።

ያው በሽታ ነው፤ በአንድ ምስክር መፍረድ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 የተርኪሽ ኤርላይንስ 737 አምስተርዳም ሊያርፍ ሲል የግራው ከፍታ መለኪያ ከመሬት በታች 8 ጫማ ነን አለ። የነበሩት 2,000 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ጉልበት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር «አርፈናል» ብሎ ሞተሮቹን አበረዳቸው። አብራሪዎቹ ሲነቁ ረፍዶ ነበር። ከ135 ሰው 9 ሞተ። መፍትሄው ሁለቱን መለኪያ የሚያነጻጽር ኮምፒውተር ነው፤ ለአብራሪው ደግሞ ዓይኑን ከፍጥነቱ አለመንቀል። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ከቢሾፍቱ 10 ዓመት በፊት ነው። ሰሚ ቢኖር ትምህርቱ ተሰጥቶ ነበር።

ምልክት፦ አውሮፕላኑ ድንገት ወደ ጎን ይጠመዘዝና ይገለበጣል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሎራዶ ውስጥ 25 ሰው፣ በ1994 ፒትስበርግ አጠገብ 132 ሰው ሞተ። መርማሪዎች ዓመታት ለፉ። ፍንጩ የመጣው በ1996 ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት በሰላም ካረፈ 737 ነው፤ አብራሪዎቹ በሕይወት ነበሩና የሆነውን ተናገሩ። የጅራቱን ቋሚ መሪ የሚያዝ የሃይድሮሊክ ቫልቭ ነበር ጥፋተኛው። በሙከራ ቫልቩን በጣም አቀዝቅዘው ትኩስ ዘይት ሲለቁበት ተቀረቀረ፤ መሪው አብራሪው ካዘዘው በተቃራኒ ሊዞር እንደሚችል ታየ። ክፍሉ በአዲስ ንድፍ ተተካ።

ምልክት፦ ወደ ላይ ሲወጣ ጥሩምባ ይጮሃል።

በ737 ላይ አንድ ጥሩምባ ሁለት ትርጉም ነበረው። መሬት ላይ ከሆንክ «ለመነሳት አልተዘጋጀህም»፣ አየር ላይ ከሆንክ «ካቢኑ አየር እያጠረው ነው»። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 ከላርናካ ወደ አቴንስ የተነሳው የሄሊዮስ አውሮፕላን ላይ የካቢን ግፊት መቆጣጠሪያው ለፍተሻ ወደ እጅ ተዙሮ ሳይመለስ ቀርቷል። ጥሩምባው ጮኸ። አብራሪዎቹ የመነሻው ማስጠንቀቂያ መሰላቸው። ኦክስጅን ያጣ አእምሮ ደግሞ እንደሰከረ ነው፤ መድከሙን አያውቅም። 121 ሰው ሞተ። መፍትሄው ቀላል ነበር፦ የትኛው ማስጠንቀቂያ እንደሆነ የሚለዩ መብራቶች።

ምልክት፦ ከባድ ንዝረትና ጭስ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1989 እንግሊዝ ውስጥ ኬግወርዝ አጠገብ የወደቀው 737 የግራ ሞተሩ ነበር የታመመው። አብራሪዎቹ ደህነኛውን የቀኝ አጠፉ። የንዝረት መለኪያው ትንሽ ነበረች፤ ጭሱም እንደ ድሮው 737 ከቀኝ የመጣ መሰላቸው። 47 ሰው ሞተ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ካፒቴኑ የቀኙ ሞተር እንዳስቸገረና እንዳጠፋው በማይክ ሲናገር የግራውን እሳት በመስኮት ያዩ ተሳፋሪዎች ነበሩ። አልተናገሩም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሃዋይ ላይ፣ 89 ሺህ ጊዜ ተነስቶ ያረፈ አሮጌ 737 ጣሪያው በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ወሰደ። አንዲት ተሳፋሪ ገና ስትሳፈር ስንጥቁን አይታ ነበር። እሷም ዝም አለች። የዚህ መፍትሄ ፋብሪካ አይሠራውም፦ ካየህ ሆስተሷን ጥራ። ቢስቁብህ ይሳቁ።

ምልክት፦ ሲነሳ ወፍ ሞተር ውስጥ ይገባል።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው የአየር መንገዳችን 737 የርግብ መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች ገባበት። ከ104 ሰው 35 ሞተ። ወፍ ሶፍትዌር የለውም። ሥራው የኤርፖርቱ ነው፦ ሣር ማጨድ፣ ቆሻሻ ማራቅ፣ ወፍ ማባረር።

ምልክት፦ ግድግዳው ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ከፖርትላንድ የተነሳው የአላስካ ኤርላይንስ ማክስ 9 በ15 ሺህ ጫማ አካባቢ የበር መድፈኛው (ሥራ ላይ ያልዋለ የበር ቀዳዳ የተዘጋበት ግድግዳ) ተነቅሎ ሄደ። ፋብሪካ ውስጥ ለጥገና ሲከፈት የተፈቱት አራት ብሎኖች አልተመለሱም። ከቀዳዳው ጎን ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ማንም አልሞተም።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ታዲያ እሱስ ተስተካከለ?» አለችኝ። ሌሎቹ አውሮፕላኖች ተፈትሸው ብሎናቸው ታየ፤ ፋብሪካውም ቁጥጥሩ ጠበቀበት አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቀበቶዬን እስክንወርድ አልፈታም» አለች። እስከ ዛሬ መብራቱ ጠፋ ሲባል ቀድማ የምትፈታው እሷ ነበረች።