ብዙ የተነዳ አሮጌ የውድድር ብስክሌት አሻሻጥ

ለረጅም ዘመን የተነዳ የውድድር ብስክሌት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ፍሬሙን እንደገና ቀለም ከማስቀባት ይቆጠብ። ሰብሳቢዎች የተጫጫረም ቢሆን የፋብሪካውን ቀለም አብልጠው ስለሚፈልጉ፣ ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳቱ ይበቃል።

ቀጥሎ የብስክሌቱ ማንነት ይጣራ። በመቀመጫው ቱቦ ላይ «ሬይኖልድስ 531» ወይም «ኮሎምበስ» የሚል የቱቦውን ዓይነት ወይም ሠሪ የሚያሳይ ምልክት ካለ በማስታወቂያው ውስጥ መጠቀስ አለበት። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የጣሊያኑ ኩባንያ የካምፓኞሎ ሥራ የሆነው ኑዎቮ ሬኮርድ ከሆነ፣ «ፓተንት» ከሚለው ቃል አጠገብ የተቀረጸው 78 እ.ኤ.አ. 1978ን ያመለክታል፤ ሆኖም መቀየሪያው በኋላ ተተክቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ብቻውን የብስክሌቱን ዕድሜ አያረጋግጥም። የፍሬሙ ቁመትም ከፔዳሎቹ ዘንግ መሀል እስከ መቀመጫው ቱቦ ጫፍ በሴንቲሜትር ይለካ።

በእኔ እምነት ትልቁ ሥራ ጉዳትን በሐቀኝነት መመርመር ነው። ከመሪው ወደ ፔዳሎቹ የሚወርደውን ቱቦ በታች በኩል፣ በተለይም ከመሪው አጠገብ፣ በጣት ሲዳስሱት ቀለሙ የተሰነጠቀበት እብጠት ከተገኘ፣ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ሊሆን ስለሚችልና ጉዳዩ የነጂውን ደኅንነት ስለሚነካ ለገዢው ሳይሸሸግ ሊነገረው ይገባል። የአልሙኒየም የመቀመጫ ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ዝጎ ሊጣበቅ ስለሚችል መንቀሳቀሱ ይፈተሽ፤ እንቢ ካለ በጉልበት ከመጠምዘዝ ይልቅ እንዳለ መግለጹ ይሻላል።

ፎቶግራፉ ካቴናው ባለበት በቀኝ በኩል በቀን ብርሃን ይነሳ፤ ዝገቱና ስንጥቁም ለየብቻቸው በቅርበት ይታዩ። በአዲስ የተተኩ የቀድሞ ዕቃዎች ካሉ፣ አብረው መሸጣቸው ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል።